ሳሙና ዘይት አያቆምም

ሰዲቅ፣
አሰላሙ ዐለይኩም። የካራቆሬው ሚኒባስ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ስለሚወጣ አልቀሰቀስኩህም። ብቀሰቅስህም የምትሰማ ሰው አይደለህም።

ለአራቱም ጎማ ኃይል የሚያከፋፍለው የፎርዊሉ ሳጥን ዘይት ያፈሰሰው መኪናዋ ስላረጀች አይደለም፤ በአንተ ብልሃት ነው። የሮቢን ወንዝ ስትሻገር ውሃ እንዳይገባ ብለህ መተንፈሻ ቱቦውን በጨርቅ ወትፈኸዋል። ሳጥኑ ሲግል አየሩ መውጫ አጣና ዘይቱን በሚያግደው ቀለበት፣ በኦይል ሲሉ በኩል ገፋው። አንተ ደግሞ ኦይል ሲሉ ላይ ሳሙና ለጠፍክበት። መሐንዲስ!
ሳሙናው የኔ የገላ ሳሙና ነበር።
እሱን ተወው።

ጨርቁን አውጥቼ የቱቦውን ጫፍ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ከፍ አድርጌ አስሬዋለሁ። ኦይል ሲሉን ቀይሬ ዘይቱን ከመሙያው ቀዳዳ እስኪመለስ ሞልቻለሁ። ከስር ካርቶን አንጥፌያለሁ። ጠብታ ካየህበት መኪናዋን አትንካት፤ እናትህን ለዓይን ሕክምናቸው የሚያመጣ ሌላ መኪና ፈልግ። የአሊዩ አምባ ዳገት ላይ ሳጥኑ ነክሶ ቢቆምብህ ሳሙና አያድናችሁም። አላህ ይጠብቃቸው።

ባለፈው ሳጥኑን «ይጮሃል» ስልህ፣ «የሚጮኸው ጆሮህ ነው፣ ጋሼ» ብለህ ሬዲዮውን ከፍ አደረግህ።

ዛሬ እናትህ እትዬ ናፊሳ ጋቢና ይቀመጡ፤ ሬዲዮው ይዘጋ። «ልጄ፣ ምንድን ነው የሚያፏጨው?» ካሉህ ወዲያው ቁም። የደከመው ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው አይደለም። በሳቸው ደግሞ አትስቅም።

ሙሀሲን