በእመት ዝግታ መስኮት ስለተተከለው ማሽን

ለተከበሩ የከተማችን ፖስታ ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በቅርቡ የተተከለው ግራጫ ማሽን በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ሐኪም የባለቤቴን ደረት የባሕር አየር ይሻለዋል ስላለን፣ ጡረታ በወጣሁ ማግሥት ሻንጣችንን ሸክፈን ወደ አገርዎ ከመጣን ባልና ሚስት አንዱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤትዎ በር ላይ በመለጠፌ ድፍረቴን ይቅር ይሉኛል፤ ምስጋናዬ በአንድ ፖስታ ታሽጎ የሚያልቅ ሆኖ ስላላገኘሁት ነው። ከጥቂት ቅሬታ ጋር በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. ደብዳቤዬን በማንበብዎ ቅር ብሎኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሥራ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራዬ ከሠራተኛ ጀርባ ቆሜ የተበጠሰ ክር ለመቀጠል ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መመዝገብ ነበር፤ ስሰናበትም ሰከንድ የምቆጥርበትን ሰዓት በስጦታ ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ መጥቶ ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትዎትም። በመስኮትዎ የምትሠራው ሴት፣ ስሟን ስላላወቅኩ እመት ዝግታ ያልኳት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቴምብር ከመለጠፏ በፊት የአንዱን ጉልበት፣ የሌላውን የልጅ ልጅ ፈተና፣ የሌላውን ጣሪያ ፍሳሽ ስትጠይቅ ደሜ ፈላ። ለሦስት ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ መዘገብኳት። አንድ ደብዳቤ ለመላክ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አምስቱ ስለ ጉልበት። በሠንጠረዥ አሰናድቼ ላክሁልዎ፤ እርስዎም እንደ ማንኛውም ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ አኑረው በመርሳት ፈንታ አነበቡት።

፪. ስለ ፍጥነትዎ። የቧንቧ ሠራተኛው መጣሁ ካለኝ አምስት ወር አልፎታል፤ ዛሬም በመንገድ ላይ ስንገናኝ ከልቡ አቅፎኝ፣ መጣሁ ብሎኝ ይሄዳል። የመኖሪያ ወረቀታችንን የያዘው ሹም የእኛን ፋይል ሳይከፍት ሁለት ጊዜ ዕረፍት ወጥቶ ተመልሷል። እርስዎ ግን በዘጠነኛው ቀን እመት ዝግታን ከከተማ ውጭ ወዳለው የዕቃ መጋዘን አዛውረው ማሽኑን ተከሉ። ሁሉ በሚንቀራፈፍበት ከተማ አንድ ነገር ብቻ በጥድፊያ ተሠራ፤ እሱም የእኔ ጥፋት ሆነ።

፫. ማሽኑ አንድ ደብዳቤ የሚጨርሰው በአርባ ሰከንድ ነው፤ ለክቻለሁ። አይስልም፣ አይስቅም፣ ስለ ጉልበት አይጠይቅም። ወረፋም የለም፤ ሰው ከሌለ ወረፋ ከየት ይመጣል?

፬. ባለቤቴ።

ባለቤቴ ማለዳ ማለዳ ቴምብር ልግዛ እያለች ትወጣ ነበር። እኛ ደብዳቤ የምንጽፍለት ሰው ስንት ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ባለፈው ወር መርፌና ክር ፈልጌ መሳቢያዋን ስከፍት አንዱም ያልተለጠፈ የቴምብር ክምር አገኘሁ። ምንድን ነው ብላት፣ የመስኮቷን ሴት ለማግኘት ሰበብ ነው አለችኝ። በቀን አንድ ቴምብር እየገዛች፣ በቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ትማር ነበር። እኔ ቋንቋችሁን ከመጽሐፍ ተምሬ የመጣሁ ሰው ለሚስቴ ለማስተማር ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ደረቷ እንዴት እንዳደረም የምትጠይቃት ያቺው ሴት ነበረች። አሁን ባለቤቴ ከቤት መውጣት ትታለች። እዚህ ማንም አያውቀኝም፣ ወደ አገሬ መልሰኝ ትላለች። የአገራችን ክረምት ደግሞ እንደማይምራት ሐኪሙ ነግሮኛል። ክቡር ሆይ፣ በሰዓቴ የለካሁት የሚስቴን ዕድሜ ኖሯል። አፍሬአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

፭. ያንን ማመልከቻ የፈረምኩት «የከተማው ነዋሪዎች» ብዬ ነው። ያን ጊዜ ከነዋሪዎቹ የማውቀው ዳቦ ጋጋሪውንና ጫማ ሰፊውን ብቻ ነበር፤ እነሱንም አላማከርኳቸውም። ዛሬ ዳቦ ጋጋሪው እመት ዝግታን የከሰሳት ጫማ ሰፊው ነው ይላል፣ ጫማ ሰፊውም ዳቦ ጋጋሪውን ይጠረጥራል፤ ሁለቱ ከተኳረፉ ስድስት ሳምንት ሆናቸው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ከሁለቱም ዘንድ በየተራ እየተቀመጥኩ፣ የሰው ነገር ይገርማል እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ባለቤቴ እነዚያ ነዋሪዎች ምን ዓይነት ልብ ቢኖራቸው ነው ስትል ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ «ነዋሪዎች» ከሚለው ቃል ሥር ያለው ፊርማ አንድ ብቻ መሆኑን ለማየት ለእርስዎ አርባ ሰከንድም በበቃዎት ነበር።

ስለዚህ ማመልከቻዬን ከነሠንጠረዡ አንስቻለሁ። እመት ዝግታ ወደ መስኮቷ ትመለስ ዘንድ፣ ማሽኑም ወደ መጋዘኑ ይሄድ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። እሷ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ እስከ አጥሯ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ በአራተኛው እገባለሁ። የመዛወሪያ ደብዳቤዋን በዘጠኝ ቀን የጻፈው ብዕርዎ የመመለሻዋንም እንዲህ እንዲያፈጥነው ተስፋዬ የጸና ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእጅዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ከእንግዲህ ወዲህ ፊርማ የመቁጠር ጸጋ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይገባኝ እንግድነት ጋር፣

ነዋሪዎች ያልሆንኩ አንድ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ጋጋሪው
ለጫማ ሰፊው
ለባለቤቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለ«ነዋሪዎች» የሰጡትን መልስ በሩ ላይ ለጥፈውት ስለነበር፣ አስተማሪዋን ያጣችው ባለቤቴ ከቤት መውጣት ከመተዋ በፊት ለመለማመጃ ብላ በደብተሯ ገልብጣው መጣች። ስለ ግልጽ አጻጻፍዎ ምስጋና ይግባዎ፤ ያልገባት አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ «ቅሬታ አቅራቢ» የሚለው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቃሉን አብራርቼ አስረዳኋት፤ ሰውየውን ግን አልነገርኳትም። አመስግናኝ ከቃሉ ጎን ትርጉሙን ጻፈችው።