ሳላውቀው ያልኩት አሚን

ጀማሌ፣ የልጄ አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለየኸኝ አንድ ክረምት አልፎ ይኸው ሁለተኛው ጋራው ላይ እየደመነ ነው። ያኔ ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ ጊዜ ይረዳሻል» ይለኝ ነበር። ረድቶኛል፣ አልዋሽህም። እንባዬን ወሰደልኝ። በእንባዬ ቦታ ግን ፍርሃት አስቀምጦልኝ ሄደ። ድሮ የምፈራው አንተ ስታመሽ ብቻ ነበር። አሁን በራችን ላይ ባጃጅ ቀስ ባለ ቁጥር በእጄ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ።

የምጽፍልህ የተማሪ ወረቀት ታርምበት ከነበረው ጠረጴዛህ ላይ ሆኜ ነው። ከሰዓት ነው፤ ጫት የጫኑት አይሱዙዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ አስፋልቱን ያንቀጠቅጡታል። ልጃችን ኢፍቱ ጠዋት ዞን ተጠርታ ሄዳለች። እስካሁን አልመጣችም፣ ስልኳም አይሠራም። ዝም ብዬ በሩን ከማይ አንተን ላውራ ብዬ ነው። የምጽፍለት መጽሔት ከእኔ የሚጠብቀው የሰርግና የጎረቤት ወሬ ነው፤ ዛሬ አንባቢዎቼ ይታገሡኝ፣ ከባሌ ጋር ነኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ወሬ አልወድም እያልክ ጋዜጣውን ዝቅ አድርገህ ትሰማኝ እንደነበር አልረሳሁም። እያፈሰሰች ስታናድድህ የኖረችው ሮቶ ተቀይራለች። አታፈራም ብለህ ልትቆርጣት የነበረችው ዘይቱን ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች፤ አንተን የጠበቀች ይመስል። ኢፍቱ ክፍልህን ወስዳለች። ብርድ ሲሆን ያን ቡናማ ኮትህን ትለብሰዋለች፣ እጅጌው ጣቶቿን ሁሉ ይውጣቸዋል። ከኋላዋ ሳያት አንዳንዴ አንተ የገባህ ይመስለኛል። ጎረቤታችን ፈትያ፣ ጫት ነጋዴዋ፣ ወንድ ልጇን ዳረች፤ ሙሽራዋ የገለምሶ ልጅ ናት፣ ቆንጆ፣ ዝም ያለች። ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ሙሉ ሲያስጨፍር እኔ ቤቴ ቁጭ አልኩ። አልጠራችኝም። ለምን እንዳልጠራችኝ ታውቃለህ፣ የዚያ የጫትህ ጥናት ጦስ ነው።

አንተ ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር እንጂ ከማንም ነጋዴ ጠብ አልነበረህም። ገበሬው ጫቱ ላይ የሚረጨውን የተባይ መድኃኒት እንመርምር ብለህ ተማሪዎችህን ይዘህ ገለምሶ፣ መቻራ ተንከራተትክ። ከመቻራ ስትመለስ አቧራው ቅንድብህን ሽበት አስመስሎት፣ ሻንጣህ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ትገባ ነበር። ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት ለበርጫ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጫቱን በር ላይ ይነጠቃል። ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈህ እያሸህ ታጥበዋለህ። ጓደኛህ ተስፋዬ፣ የታሪክ መምህሩ፣ «ጀማል፣ ይሄ ጫት ነው ወይስ የሕፃን ልብስ? ስታሰጣው ጥራኝ» ሲልህ ሳቄን ይዤ ጓዳ መግባቴን አስታውሳለሁ።

ሳቁ አልቆየም። ውጤቱን በጉባኤ ላቀርብ ነው ስትል ቢሮ ተጠራህ። ማን እንደጠራህ እስከ መጨረሻህ አልነገርከኝም፤ የተባልከውን ብቻ ነው የነገርከኝ፦ «የአገሩን ገበያ ልትዘጋ ነው?» ጥናቱ መሳቢያ ገባ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስንት ዓመት ያስተማርከው ኮርስ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ምክንያቱን የሚነግርህ ጠፋ። ወሬው ግን ገበያ ደረሰ። ፈትያ እኔን ስታይ ሻርፗን እያስተካከለች በማዶ በኩል ማለፍ ጀመረች።

ትቆጣለህ ብዬ ስጠብቅ አንተ ተረጋጋህ። መረጋጋትህ ነው ያስፈራኝ። ከተስፋዬ ጋር ፍራሹ ላይ ጋደም ብላችሁ፣ የክልላችን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁሉ አንድ ማኅበር ይኑራቸው ማለት ጀመራችሁ፤ መምህር ያወቀውን ስላስተማረ፣ የመረመረውን ስለጻፈ ብቻውን እንዳይቀር። «ዘይኔ፣ አንድን መምህር ቢሮ ጠርቶ መገሠጽ ቀላል ነው፤ የክልሉን መምህር ሁሉ የሚችል ቢሮ ግን ገና አልተሠራም» አልከኝ። እኔ ደግሞ «እስር ቤቱስ?» አልኩህ። ሳቅክና «ሂን ሶዳቲን» አልከኝ። አትፍሪ። ነገር ሲከብድህ ነበር ወደ ኦሮምኛ የምትሄደው።

ከዚያ ደም ግፊትህ መጣ። በማኅበሩ ጉዳይ ገለምሶ ውለህ በሚኒባስ ተመለስክ፣ «ራሴን ያዝ አድርጎኛል» ብለህ ጋደም አልክ፣ በዚያው ቀረህ። ሐኪሙ ያለውን እቀበላለሁ፤ የአላህንም ውሳኔ እቀበላለሁ። ሆዴ ግን ያ ጭንቀት ነው የጨረሰህ ይለኛል፣ ዝም ላሰኘው አልቻልኩም።

እንግዲህ ልጅህ ያንኑ ነገር አነሳችው። አንተ ስትታመስበት ያየች ልጅ፣ ሕግ አስተማሪ ሆና ክፍልህ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ መተዳደሪያ ደንብ ታረቅቃለች! ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት። ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ይደወላል፣ ሳነሳው ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም። ክፍሏ ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ከተማሪዎቿ አንዱም የማያውቀው ሰው አለ ብላ እንደ ቀልድ ነገረችኝ፤ ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። በመጨረሻ አንድ ቃል አስገባኋት። «እማ፣ ያንቺ ዱዓ ከሌለበት ፊት አልቆምም» አለችኝ። እፎይ አልኩ። ዱዓዬን እንደ ጓዳ ቁልፍ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

መምህራኑ ለመመሥረቻው ጉባኤ አዳራሽ ጠየቁ። ቀለም እየተቀባ ነው ተባሉ። የፈትያ ልጅ ሰርግ በዚያው ሳምንት፣ እዚያው አዳራሽ ተበላ፤ ከዚያ ሲመለስ ልብሱን ቀለም የነካው እንግዳ ግን አላየሁም። ይሄኔ ተስፋዬ ወደ እኔ መጣ። «ዘይነባ፣ የጀማል ዓመት ደርሶ የለ? ሰው ለሰደቃ ቢሰበሰብ ማን ይከለክላል?» አለኝ። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። የባሌን ሰደቃ ለስብሰባ መሸፈኛ? ኋላ ላይ ግን አንተ ይህን ብትሰማ በሳቅ ፍራሹ ላይ ትንከባለል እንደነበር ታሰበኝና እሺ አልኩ። ኢፍቱ ከእኔ ጋር ሴቶቹ ጋ ትቀመጣለች፣ የሚመራ ሌላ ይፈልጉ፣ ብዬ ነው ታዲያ።

ተስፋዬ ሁሉን ነገር አስቦ አፎሻችንን ረሳ። ሬሳ የሚያነሳልንን፣ ሐዘን ቤት የሚቀመጥልንን አፎሻ! የአባል ቤት ሰደቃ ካለ አፎሻ ጥሪ አይጠብቅም፣ የቀረ ይቀጣል። መምህራኑ ከየከተማው ሐዘንተኛ መስለው ሲገቡ አፎሻውም ተከትሎ ገባ። አባል ናቸውና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኦቦ ሙሜም መጡ፤ መጥተውም መምህራኑ መሃል፣ ያንተን መደገፊያ ተደግፈው ቁጭ አሉ። እንግዶቹን ከሟቹ ጋር በምን እንደሚተዋወቁ አንድ በአንድ ይጠይቁ ጀመር። መነጽር ያደረገው «በእናቱ በኩል ዘመድ ነን» አለ። ከጎኑ ያለውም ደንግጦ «እኔም በእናቱ በኩል» አለ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ኦቦ ሙሜ ረጋ ብለው «የጀማል እናት ይህን ያህል ዘር እንዳላቸው ሳናውቅ ኖርን» አሉ። እየቀለዱ ይሁን እየመረመሩ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼ መለየት አቃተኝ።

መምህራኑ ግቢ ውስጥ እጅ ሲታጠቡ ሹክሹክታቸውን ሰማሁት። ማን ይምራ ነው ነገሩ። አንዱ «በርቱ፣ እኔ ከኋላ ነኝ» ይላል፣ ሌላውም ከኋላ ነኝ ይላል። ተስፋዬ ተናዶ «ሁላችሁም ከኋላ ከሆናችሁ እኮ ፊት የቀረው ሟቹ ብቻ ነው» አላቸው። እኔ ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅህ። በልተው ይበተናሉ አልኩ።

ከምሳው በኋላ ዱዓ ሆነ። ሼሁ እንደ ልማዳችን «ሐጃ ያለው ይናገር» አሉ። ጉዳይ ያለው ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እሳቸው ይለምኑለታል፣ ቤቱ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። አንዱ ለዝናብ ጠየቀ፣ አሚን። አንዷ ሳዑዲ ለቀረባት ልጇ፣ አሚን። እኔ በመጋረጃው በዚህ በኩል ለሴቶቹ ሆጃ፣ የቡና ገለባ በወተቱን፣ እየቀዳሁ ነው፤ እጄ ፔርሙስ ይዟል፣ አፌ ከልጅነቱ የለመደውን ይላል። ከጎኔ አንድ ድምፅ ተነሳ። «የአባቴ ጅምር እንዲፈጸም።» አሚን። «አስተማሪ ያወቀውን ሳይፈራ እንዲያስተምር።» አሚን። «ዛሬ የሚመሠረተውን የመምህራን ማኅበር እኔ ኢፍቱ ጀማል ፊት ሆኜ እንድመራው አላህ ያበርታኝ።»

አሚን! ከሁሉም የጎላው ድምፅ የእኔ ነበር። ነገሩ የገባኝ ሆጃው ከስኒው ሞልቶ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ነው።

ከወንዶቹ በኩል የኦቦ ሙሜ ድምፅ መጣ፦ «ቆይ፣ ቆይ! እኔ እኮ ለሟቹ ነው አሚን ያልኩት!» ሼሁም «አንተ ሙሜ፣ ሁለቱንም እጅህን ዘርግተህ አልነበረም እንዴ? እንግዲህ ሄዷል፣ አታስመልሰውም» አሏቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ራሳቸው ኦቦ ሙሜም ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ። ማኅበሩ የቆመው በዚያ ሳቅ መሃል ነው፤ ለድምፅ እጅ አውጡ ማለት እንኳ አላስፈለገም፣ የሁሉም እጅ ለዱዓው ወጥቶ ነበር። ኢፍቱን ዞር ብዬ አየኋት። የማሸነፍ ፊት አልነበራትም፤ ከንፈሯ ደርቋል። «እማ፣ አሚን ብለሻል» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሰንበት ብሎ ኦቦ ሙሜ ብቻቸውን መጡ። ግቡ ብላቸው በር ላይ ቆሙ። «ዘይነባ እህቴ፣ እኔ ወንድምሽ ነኝ። ልጅቷን ምከሪያት። ተጠይቄያለሁ፣ ምን እንደምመልስ አጣሁ» አሉኝ። እጃቸው ቆባቸውን ያሻል። የምፈራው ሰው ራሱ ፈርቶ ሳየው እንዴት እንደሆንኩ አልነግርህም። ከዚያም የእናትህ ዘር ነኝ ካሉት መምህራን የአንዱ ኮንትራት አልታደሰም ሲባል ሰማን። ትናንት ደግሞ ለኢፍቱ ተደወለ፤ ለማኅበሩ ምዝገባ ስላስገባችሁት ማመልከቻ ቀርበሽ አስረጂ ተባለች። ዛሬ ጠዋት ኮትህን ለብሳ ከተስፋዬ ጋር ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ሂን ሶዳቲን» አለችኝ፤ ባንተ አነጋገር፣ እንዳንተ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ። ከሁሉ የበለጠ የፈራሁት በዚያን ጊዜ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ፈትያ ናት። ፔርሙስ ይዛ፣ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ሰው እንዲህ ሳይጠራ ገብቶ የሚቀመጠው መርዶ ሲኖር ነው፤ «ምን ሰማሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ምንም አልሰማሁም ወላሂ! ልጅቷ እስክትመጣ ልቀመጥ ብዬ ነው። አፎሻ አይደለንም እንዴ?» አለች። ቀጥላ ጠጋ ብላኝ «ደግሞ የምቅመውን ጫት ማጠብ ከጀመርኩ ቆየሁ። እንዳትጽፊው» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት፣ ጀማሌ፤ ይህን ላንተ አለመንገር አልችልም።

ከእሷ ኋላ የአፎሻው ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ ነው። ጫማው በራችን ላይ ሲደረደር ልክ አንተን ያጣሁ ቀን ይመስላል። ባጃጅ መጣ፣ ቀስ አለ፣ አለፈ። እሷ አይደለችም።

ሴቶቹ ለኢፍቱ ዱዓ እናድርግ ብለው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ እኔን እየጠበቁኝ ነው። ልጅህ ሳላውቀው ከአፌ ያመለጠኝን አሚን ይዛ ነው የሄደችው፣ ግማሽ ስንቅ ይዛ። ባዶዋን እንድትቆም አልፈልግም። ሰደቃህ በደረሰ ቁጥር፣ ዘይቱኗ ባፈራች ቁጥር፣ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ጫቱን ባጠበ ቁጥር አስብሃለሁ፤ ትዝታህን ከፍርሃቴ ጋር አንድ ላይ ይዤ እኖራለሁ። አሁን ብዕሩን ላስቀምጥና እጄን ልዘርጋ። የዛሬውን እየፈራሁ፣ ግን አውቄ ነው የምለው።

አሚን።

ዘይነባህ