መረብን የማይሻገር ወረቀት

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ቢያድግልኝ፣ ደባርቅ።

እንዴት ሰነበቱልኝ አባቴ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የእናቴስ ወገብ? ያቺ ቡሬ ላም ወለደች? እኔ ልጅዎ አሳምነው ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ማለትስ ያንሰኛል፤ ደስታ ሊገድለኝ ነው! ይመኙሻል እህቴ፣ አደራሽን፣ ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ መስመር ሳትዘልዪ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

የእጮኛዬን የፍረወይኒን አባት፣ የአቶ ዘርአብሩክን ነገር ያስታውሳሉ። እርስዎ ባዶ እጁን የመጣ አማች በአገራችን ይታማል፣ ጠመንጃውን ይዞ ይምጣ ብለው ላኩ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው እዚህ አስመራ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ያለውን ወፍጮ ቤታቸውን ዘጉ፣ ምንሽራቸውን ወለወሉ፣ የአስመራ ፖሊስ የሰጣቸውን ፈቃድ ደረት ኪሳቸው ከተው ጥቅምት ላይ ለሠርጉ ወደ ደባርቅ አብረን ወረድን። መረብ ኬላ ስንደርስ ዘበኛው ወረቀቱን ገለባብጦ አየና ይህን ማኅተም አላውቀውም፣ ጠመንጃው እዚሁ ይቀመጥ አለ።

አቤት የዚያን ቀን! ሽማግሌው ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ እኔ ነው፣ ወንዙን ስሻገር ሌላ ሰው ልሆን ነው ወይ ብለው ጮኹ። አንድ ነን ብላችሁ የኤርትራን ባንዲራ አወረዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ወረቀትህ የሌላ አገር ነው ትሉኛላችሁ አሉ። ዘበኛውም ቢሆን አይፈረድበትም፣ በሐሰት ማኅተም ስንቱ ሽፍታ አልፏል። ብቻ እሳቸው ምንሽሬን ጥዬ አልሻገርም ብለው ተመለሱ፤ ሠርጉም በዚያው ቀረ። ፍረወይኒ ስታለቅስ ከረመች።

ባለፈው ቅዳሜ ዱቄት ጭኜ በጭነት መኪናዬ መረብን ሳልፍ የኬላው ሹም ጠራኝ። ያ ኃይለኛ ሽማግሌ እንዴት ነው ብሎ ሳቀና፣ ከምትሄዱበት ወረዳ የታወቀ ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ዋስ ከፈረመ ወረቀቱን አከብራለሁ አለኝ። ማርያምን፣ ከመኪናው ዘልዬ ወርጄ ልስመው ምንም አልቀረኝ!

እንግዲህ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ? አውቃለሁ፤ ለዚያ ጎረቤታችን ዋስ ሆነው እሱ ሲጠፋ ወር ሙሉ የታሰሩት እርስዎ ነዎት። ዳግመኛ ለሰው አልፈርምም ብለው ምለዋል። ቢሆንም በእግዜር ይሁንብዎ፣ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ይህን ዕድል ካጣሁ ፍረወይኒን አጣሁ ማለት ነው። አቶ ዘርአብሩክ ከመረብ ከተመለሱ ወዲህ ለጋብቻውም ሁለት ዋስ ጥራ ብለውኛል፤ በአስመራ ዘመድ የሌለኝ ሰው ከየት ላምጣ? የዳግም ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ጧት መረብ ላይ እንጠብቅዎታለን።

እናቴን እግሯን ሳሙልኝ። ይመኙሻል፣ ነጠላሽን ገዝቼልሻለሁ፤ አትነዝንዢኝ። ፍረወይኒ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፣ አማርኛዋም እየተቃና ነው። አቶ ዘርአብሩክ ደግሞ የሹሙን ቃል ስነግራቸው ሰላምታቸውን በዚህ ቃል አድርስልኝ አሉ። ዐይኔን ያላየ ሰው ለጠመንጃዬ ዋስ ከሆነልኝ፣ እኔም ልጄን ለልጁ ያለ ዋስ እሰጣለሁ ብለዋል።

ልጅዎ አሳምነው ቢያድግልኝ
አስመራ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.