ከአንድ ቶን ሦስት ግራም

ይድረስ ለልጄ ለራጉኤል፣

እንደምን ከርመሃል? በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እህትህ ሩትም ነቀምቴ ማስተማሯን አልተወችም።

ቡናችን መሀል ሲቆፍሩ የከረሙት ወርቅ ፈላጊዎች ሰፈርተኛውን ሰብስበው ውጤቱን ነገሩን። «ከአንድ ቶን ድንጋይ ሦስት ግራም» አሉ። እኔ ሞኟ ጉትቻዬን ዳሰስኩና «ይቺን ታህላለች? እንግዲያማ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ» ብዬ እልል አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጎረቤታችን ጋሩማ እጄን ይዞ፣ «አዴ ወሰኔ፣ ለወርቅ እኮ ይኼ ብዙ ነው» አለኝ።

ከዚያ ካርታ ዘረጉ። ወርቅ ያለበት ድንጋይ ከወንዙ ማዶ ተያይዞ መጥቶ፣ በቡናው ሥር አልፎ ወደ ቤታችን ያቀናል። ከቤቱ ሥር ገና አልቆፈሩም፤ «ግምት ነው» አሉ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ወለሉን ስጠርግ እንኳ፣ ወርቁ ብቅ ይልብኝ ይመስል ቀስ ብዬ ነው።

የሰጡንን ወረቀት ሩት ፎቶ አንሥታ ልካልሃለች። የድንጋይ ትምህርት የተማርከው አንተ ነህና አንብበው። ስሙን የሰጠህ መልአክ ከፊትህ ይቅደም።

እውነቱን ለሩት ንገራት። ለእኔ ግን «ከቡናው አያልፍም» በለኝ። በልጅነትህ ስትዋሸኝ እቆጣህ ነበር፤ ይቺን አንዴ አልቆጣህም።

እናትህ ወሰኔ