በስምሽ ያለ ሀብት

ታናሽ እህቴ፣

ከሰላምታው በፊት ያሳፈረኝን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ሰሞኑን ስፌት ቤታችን አዲስ ልጅ ገብታለች፤ ሞክሼሽ ናት። አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ስሟን ሲጠራ፣ እኔ ኮሌታው በእጄ እንደተንጠለጠለ ብድግ ብዬ «አቤት!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቁልፍ የምትተክለዋን፣ ወሬ ስለማያመልጣት ሬዲዮ የምንላትን ታውቂያት የለ? «ዕድሜ ልክሽን የሰው ልብስ ስትሰፊ ኖረሽ፣ አሁን ደግሞ የሰው ስም መልበስ ጀመርሽ?» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከረማችሁ? ባለቤትሽን ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ? እኛ እንደምታውቂን ነን። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትጣራለች። የምትጣራው አንቺን ነው።

ይኼን በስልክ አልነገርኩሽም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እኔ አንቺ ሆኛለሁ። መጀመሪያ ላይ «እማዬ፣ እኔ እኮ ትልቋ ነኝ» እያልኩ አርማት ነበር። እሷ ግን ፊቴን ትክ ብላ ታይና ልጄን የት አደረሳችኋት ብላ ታለቅሳለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አትከራከሪያት፣ በጠራችሽ ስም አቤት በያት አለችኝ። እሺ አልኩ። ይኸው ለምጄው ስፌት ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ፀጉሯን ሳበጥርላት እጄን ይዛ ትመርቀኛለች፤ በስምሽ። ገላዋን ሳጥባት ካንቺ በቀር ማን አለኝ ትላለች፤ ላንቺ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና እኔን ለእኔው ታማልኛለች። ባለፈው እሑድ እግሯን ቅባት ስቀባት «ያቺ እህትሽ ዓይኗን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ልቧ ድንጋይ ነው። ብሞትም አትመጣ» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቂያለሽ? «ሥራ በዝቶባት ነው፣ እማዬ።» አንቺ በስልክ የምትይኝን ቃል በቃል ለራሴ አዋልኩት።

እንግዲህ ወደ ነገራችን። እኔ ገንዘብ ላኪልኝ ብዬሽ አላውቅም። ባለፈው ስንደዋወል ሽማግሌው ጨርቅ ቆራጫችን ጡረታ ሊወጣ ነው፣ አለቃችን መቀሱን ለኔ ሊሰጠኝ አስቧል አልኩሽ። ስንት ዘመን የተመኘሁት ቦታ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ቆራጭነት ግን እንደ ኮሌታው ግማሹን ቤት ወስደው የሚሠሩት አይደለም፤ ጠዋት ገብተው ማታ ነው የሚወጡት። እስክደላደል ድረስ እማዬን ያዢልኝ፣ የእንግዳ ክፍላችሁም ባዶውን ነው ብዬ ለመንኩሽ።

አንቺም «እትዬ፣ ሀብት እኮ ገንዘብ ብቻ አይደለም። እኔ ቤት አለኝ፣ መኪና አለኝ፤ አንቺ ግን እናት አለሽ። ሀብታሟ አንቺ ነሽ» አልሽኝ። እኔ ሞኟ እንባዬ መጣ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው እሺም እምቢም እንዳላልሽኝ የገባኝ። በማግስቱ ለሬዲዮ ሳወራላት «ታዲያ እናት ሀብት ከሆኑ ለምን አትካፈልሽም?» አለችኝ። ሬዲዮ አንዳንዴ እውነት ታወራለች።

ከዚያ ወዲህ ሳሰላስለው ከረምኩ። ሐሰት አልተናገርሽም። እጇ መዳፌ ውስጥ ሲሞቅ በመቀስ የማልለውጠው ነገር አለ። ግን ያ ሁሉ ሀብት ያለው በስምሽ ነው። እኔ ዘበኛው ነኝ። ዘበኛ ደግሞ ግምጃ ቤት ስለጠበቀ ሀብታም ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ቅዳሜ ንብረትሽን ይዤልሽ እመጣለሁ። አይሆንም የምትይ ከሆነ ደውለሽ ለራሷ ንገሪያት፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እኔ እይዝላታለሁ። በቀኝ ጆሮዋ ነው፣ ግራው አይሰማም። ሾርባዋ ለብ ያለ ይሁን። ስትተኛ መብራቱን እንዳታጠፊባት፤ ሁላችንም የምንጠፋባት ጨለማ ውስጥ ነው።

በርሽን ስትከፍቺ ባታውቅሽ አትደንግጪ። እሷ አጠገቧ የምታየው የራቃትን ልጅ ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ በኔ ስም ትጠራሽ ይሆናል። ከጠራችሽ አታርሚያት፣ አቤት በያት። ከዚያ ደግሞ፣ እባክሽን፣ በዚያ ስም ምን ብላ እንደመረቀችሽ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እኔም መቀሱ ለእጄ እንዴት እንደሆነልኝ እጽፍልሻለሁ።

ሀብትሽ ይባረክልሽ። ስትጣሪ የሚሰማሽ አትጪ።

ሀብታሟ እህትሽ