ለጣና ዓሣዎች ያወጣሁላቸው የውሸት ስም

ኦስሎ፣ ኅዳር 2001

እንድሪስ፣ አንተ ስልክ የማታነሳ ሰነፍ፣ እንዴት ከረምክ?

እዚህ ቀኑ በቅጡ ሳይነጋ ይመሻል። ትናንት እህትህ ሰሚራ ማዮርስቱን በሚባለው ሰፈር ወዳለ አንድ አዳራሽ ወሰደችኝ። ካሊፎርኒያ ወንዝ ዳር ከሚኖሩት ከዩሮክ ሕዝብ የመጣች ሴት፣ አያቷ ያስጻፏትን የዓሣና የባሕር እንስሳት ስም ከደብተር ታነባለች። ሳልመን የሚባለውን ዓሣ «ኔፑይ» ይሉታል። በቋንቋው አፋቸውን የፈቱት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው አለች።

ሰሚራ «የኛ የጣና ዓሣ አጥማጆች የድሮ ቋንቋስ፣ አጎቴ? የጻፈው የለም?» አለችኝ። ይህን ስትለኝ የድሮ ቀልዴ ትዝ አለኝ። የጻፈውማ አለ። በጎረምሳነቴ አንድ ተመራማሪ አምባዛና ቆሮሶ የምንላቸውን ዓሣዎች የድሮ ስም ሲጠይቀኝ፣ ልስቅበት ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ነገርኩት። እሱም አመስግኖኝ አንድ በአንድ ጻፈው።

ያኔ እውነተኛውን ስም የሚያውቁ ብዙ ነበሩ፤ አሁን የቀሩት እማማ ዘይነባ ብቻ ናቸው። ይህ ፖስት ካርድ እንደደረሰህ ደብተር ይዘህ እሳቸው ዘንድ ሂድ። ጆሯቸው ደክሟልና ጮክ ብለህ ጠይቃቸው፤ እንደ እኔ እንዳታሾፍ።

እናትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። ቦታው አለቀብኝ። ለእማማ ዘይነባ ካርዱ እስኪደርስ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አጎትህ