ዘይቱን የበሉት መሪጌታ

ይድረስ ለልጄ ለየሺመቤት፣ ኪየቭ። የጣና ገዳማት ጸሎት እንደ ጋቢ ያልብስሽ። እኔ ደኅና ነኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ወጥ መሥራት ለምጃለሁ፤ ጨው መጨመሬን እየረሳሁ እደግመዋለሁ እንጂ።

«ለአይጥ መርዝ ሰጥተን አንጎሉን የሚጠብቅለትን ፍሬ እንመረምራለን፤ ዘይቱን ጥሩ ነው» ብለሽ ስለ ትምህርትሽ በደብዳቤ የጻፍሽልኝን ለጎረቤታችን ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን አነበብሁላቸው። ምነው ባላነበብሁ! በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ከዘጌ በታንኳ የመጣ አንድ ቁና ዘይቱን በልተው አረቄውን ጨለጡት።

«መሪጌታ፣ ማኅሌቱስ?» ብላቸው፣

«አይዞህ አንዳርጋቸው፣ አንጎሌ በልጅህ ትምህርት ታጥሯል!» አሉኝ።

እውነትም ታጥሮ ኖሯል። ቅኔ ማኅሌት እንደገቡ እግራቸው ከዳቸውና ከበሮው ላይ ተዘረሩ፤ ዜማውን ግን እንደተንጋለሉ አንዲት ቃል ሳይስቱ ዘለቁት። አሁን «እግርንስ የሚጠብቅ ምን አለ? ብለህ ጻፍላት» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ።

በቤተ መቅደስ መሳቄን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ያን መርዝ የምትሰፍሪው አንቺ አይደለሽም? ሽታውስ ወዴት ይገባል? ስለ አይጡ አንጎል ሦስት ገጽ ጽፈሽ ስለ ራስሽ አንድ ቃል የለም።

ወደዚያው ለትምህርት በሚመጣው በአዘዘ እጅ የደረቀ ዘይቱን ልኬልሻለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ለአይጡ ከመስጠትሽ በፊት አንቺ ብዪ። አይጡ የሚጨነቅለት አባት የለውም።

እመቤቴ አንጎልሽንም እግርሽንም ትጠብቅልኝ።

አባትሽ አንዳርጋቸው
ከባሕር ዳር